የምትበረዋ ሳህን ከአጎቴ ጋር ልታጣላኝ ነው (ስኪትና ትራፕ የሚባሉትን የተኩስ ውድድሮች የምታውቁ እርዱኝ)

የማራኪው ልጅ፦

ሰላም ለቤቱ። ባለፈው እሑድ ሐምሌ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ከአጎቴ ጋር ጎንደር ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለናል። ውጭ ዶፍ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የፓሪስ ኦሎምፒክ ተከፍቷል፣ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ሩጫ ነው። መሃል ላይ የሴቶች ተኩስ መጣ። የቺሊዋና የእንግሊዟ ልጅ እኩል ወጥተው እየተፈራረቁ ይተኩሳሉ። ትንሽ ሳህን ከግራ ትበራለች፣ ሌላዋ ከቀኝ፣ ጧ ሲል ባለቀለም ዱቄት ቡን ይላል። ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ የእንግሊዟ የተኮሰቻትን አንዷን ሳህን ዳኛው አልተመታችም አለ። ሲደግሙት ግን ስንጥር ስትወጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወርቁን ቺሊዋ ወሰደች።

አጎቴ የደባርቅ ሰው ነው፣ ምንሽር እየወለወለ ያደገ። «ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው» አለ። «እኛ በአንድ ጥይት ቆቅ ከገደል እናወርድ ነበር። እነዚህ እፍኝ ፍሬ እየረጩ ሳህን ሲስቱ አያፍሩም?» እኔ ከባድ ነው አልኩ። ተወራረድን። ፍልሰታ ሲፈታ የተሸነፈው አንድ ኪሎ ጥብስ ይገዛል።

ጥያቄዬ ይኼው። ስኪት የሚሉትና ትራፕ የሚሉት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ያቺ ሳህን ተመታች ወይስ አልተመታችም? አጎቴስ እውነቱን ነው? እባካችሁ ገምታችሁ አትመልሱልኝ፣ ጥብስ ተወዷል።

ከባሕር ማዶ ተመላሽ፦

አገኘኸኝ ወንድምዓለም። እኔ አረብ አገር አራት ዓመት አንድ የተኩስ ክለብ ውስጥ ሠርቻለሁ። ተኳሽ እንዳትለኝ። ሥራዬ ሳህን ማሽኑ ላይ መደርደርና ቀለህ መልቀም ነበር። ሳህኗን ግን ከተኳሾቹ በላይ አውቃታለሁ።

በስሟ ሸክላ ትባላለች እንጂ ሸክላ አይደለችም። ከሬንጅ መሰል ነገርና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው የምትሠራው። ስፋቷ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 105 ግራም። የስኒ ማስቀመጫ በላት። ከእጅህ ሲሚንቶ ላይ ብትወድቅ ትሰበራለች፣ የማሽኑ ክንድ ግን በዚያ ኃይል ወርውሯት አትሰበርም፣ ይሄ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ከላይ ብርቱካንማ፣ ከሥር ጥቁር። ሙሉ ቀን ስትደረድር ውለህ እንጀራ ስትቆርስ እጅህ አሁንም ሬንጅ ሬንጅ ይላል።

ስኪት አንተ ያየኸው ነው። ሜዳው ግማሽ ክብ ነው። በግራ ጫፍ ከፍ ያለ ቤት አለ፣ ሳህኗ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ላይ ትወጣለች። በቀኝ ጫፍ ዝቅ ያለው ቤት፣ እዚያ 1 ሜትር ላይ። ሁለቱ ሳህኖች መሃል ላይ አንድ ነጥብ ጋ ይተላለፋሉ። ተኳሹ ስምንት ቦታ እየቀያየረ ይቆማል፣ ሰባቱ ቅስቱ ላይ ናቸው፣ ስምንተኛው ሁለቱ ቤቶች መሃል። ሳህኗ ምንጊዜም በዚያው መንገድ ነው የምትሄደው። የሚቀየረው አንተ የምታያት አቅጣጫ ነው። አንዴ ከኋላህ ትወጣና ትሸሻለች፣ አንዴ ፊት ለፊትህ ትመጣለች፣ አንዴ በጎን ትቆርጣለች። ለአንድ ሳህን አንድ ጥይት ብቻ። ጥንድ ከወጣም ለእያንዳንዷ አንድ አንድ።

አጎትህ ይሄን ይስማ። በኦሎምፒክ ስኪት ሳህኗ እስክትታይ ድረስ ሰደፉ ትከሻ ላይ አይወጣም። ወገብ አካባቢ ነው የሚጠበቀው፣ ጃኬታቸው ላይ ለዚሁ ተብሎ መስመር አለ፣ ዳኛው እሱን ያያል። ተኳሹ ሳህኗን ልቀቁ ብሎ ከጠራ በኋላ ደግሞ ማሽኑ ወዲያው ሊለቅ ይችላል፣ ወይ እስከ 3 ሴኮንድ ሊያዘገይ ይችላል። ያን ሦስት ሴኮንድ ቆሞ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ስንት ሰው ፊቱ ላይ ላብ ሲንቆረቆር አይቻለሁ።

ትራፕ ሌላ ነው። ማሽኖቹ 15 ሜትር ፊት ለፊትህ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረዋል። አስራ አምስት ናቸው፣ መቆሚያው አምስት፣ ለእያንዳንዱ መቆሚያ ሦስት ሦስት። ከሦስቱ የትኛው እንደሚወረውር አታውቅም። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወይ ቀጥ ብላ፣ ሁሌ ግን ካንተ እየሸሸች። እዚህ ጠመንጃውን ቀድመህ ትከሻህ ላይ ታደርጋለህ፣ ለአንዷ ሳህንም ሁለት ጥይት ይፈቀድልሃል። ስትጠራ በማይክሮፎን ድምፅህን ሰምቶ ወዲያው ይለቃል። አንድ ቀን እኔ ማይክሮፎኑ አጠገብ አስነጠስኩና ሳህኗ በረረች። ተኳሹ ያልሰደበኝ ዘመድ የለም።

ሁለቱም በ25 ሳህን ዙር ነው የሚቆጠሩት። ማጣሪያው አምስት ዙር፣ 125 ሳህን። ጎበዞቹ ከዚያ ውስጥ የሚስቱት በጣት የሚቆጠር ነው።

ጡረተኛው፦

እኔ ከአጎትየው ጋር ነኝ። ወታደር ቤት በነበርኩ ጊዜ ኢላማ ላይ ጥይት ቆጥረው ነበር የሚሰጡን። አንዷ ከባከነች ትጠየቃለህ። ትንፋሽህን ይዘህ፣ ምላጩን ቀስ ብለህ፣ አንድ ጥይት አንድ ኢላማ። እነሱ የሚይዙት ሾትገን የሚባለው ጠመንጃ እኮ በአንድ ጊዜ ስንት መቶ ፍሬ ነው የሚተፋው። ዓይን የሌለውም ይመታል። ልጁ ጥብሱን ይግዛ።

ከባሕር ማዶ ተመላሽ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ አሁን የጠሩት ነገር በሙሉ ሾትገን ላይ ያስስታል። እኔ ነኝ ያልኩ የጦር ተኳሽ እዚያ ክለብ መጥቶ የመጀመሪያ ቀን ከ25 አምስት ሲመታ አይቻለሁ። ምክንያቱም ያነጣጥራል። አፈሙዙን ያያል፣ ሳህኗን ያያል፣ አፈሙዙን ያያል፣ እስኪያገናኛቸው ሳህኗ ሄዳለች።

እነሱ አፈሙዙን አያዩም። ዓይናቸው ሳህኗ ላይ ነው፣ ጠመንጃው ራሱ ይከተላል። ደግሞ የሚተኩሱት ሳህኗ ያለችበት ላይ አይደለም። ፍሬው ከአፈሙዙ ሲወጣ በሴኮንድ 400 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፈጣን ነው፣ እርግጥ። ግን 20 ሜትር እስኪደርስ ድረስ በጎን የምትቆርጠው ሳህን ከአንድ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ያለችበት ላይ ከተኮስክ ከኋላዋ ባዶ አየር ነው የመታኸው።

ጉግስ አይተው ያውቃሉ አይደል? ዘንጉን የሚወረውረው ሰው ፈረሰኛው ላይ ነው እንዴ የሚወረውረው? ፊቱ ላይ ነው፣ ፈረሱ ራሱ እንዲደርስበት። ማማ ላይ ሆኖ ማሽላ ከወፍ የጠበቀ ልጅም ወንጭፉን እንደዚያው ነው የሚለቀው። ከተኮሱ በኋላም እጅ አይቆምም፣ አፈሙዙ ከሳህኗ ጋር መሄዱን ይቀጥላል። ጀማሪ ሁሉ ምላጩን ሲስብ ይቆማል፣ ሁሉም ከኋላ ይስታል።

የፍሬው ብዛት የሚሉት እውነት ነው፣ ግን በሕጉ አንድ ጥይት ውስጥ 24 ግራም እርሳስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ያቺ እፍኝ ስትርቅ ትበተናለች፣ በመሃሏ ሳህን ሾልካ ታልፋለች። ለዚህ ነው የትራፕ አፈሙዝ ጫፉ ላይ ጠበብ የሚለው፣ ፍሬው ሰብሰብ ብሎ ራቅ እንዲል። የስኪት ደግሞ ሰፋ ይላል፣ ሳህኗ ቅርብ ስለሆነች።

የቀሃ ልጅ፦

ስለ ዳኛው ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልመልስ። ያን ፍጻሜ አይቼዋለሁ፣ እስካሁን ያበሽቀኛል።

ሕጉ እንዲህ ነው። ሳህኗ ተመታች የሚባለው ቢያንስ አንድ በዓይን የሚታይ ስባሪ ከተነሣላት ነው። ዱቄት ብቻ ብን ቢል አይቆጠርም። ዳኛው ስባሪ አላየሁም አለ። በቴሌቪዥን ሲደገም ግን የነካቻት ይመስላል፣ እሷም ተከራክራለች። እዚያ ውድድር ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መልሶ የሚያይ ቪዲዮ አልነበረም። የዳኛው ቃል ጸና፣ አለቀ። ስለዚህ ዓይንህ አልዋሸህም፣ ውጤቱም ግን አይቀየርም። የእንግሊዟ አምበር ረተር ከወለደች ሦስት ወሯ ነበር፣ ብር ይዛ ልጇን አቀፈች። የቺሊዋ ፍራንሲስካ ክሮቬቶም የሰው አልወሰደችም። ስልሳ ሳህን ተኩሰው 55 ለ55 እኩል ነበሩ፣ ከዚያ በኋላ ነው በጥንድ በጥንድ የተለዩት።

ሌላም ልንገራችሁ፣ እዚህ ቤት ሴት ተኳሽ ሲባል ፈገግ የሚል ስለማይጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ስኪት ወንድና ሴት አንድ ላይ ነበር የሚወዳደሩት። ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋ ወርቅ ወሰደች። ማጣሪያው ላይ 200 ተኩሳ 200 መታች። የሚቀጥለው ኦሎምፒክ ስኪት ለወንዶች ብቻ ሆነ። የሴቶች ስኪት የመጣው በ2000 ሲድኒ ላይ ነው። ምን እንደምል አላውቅም እንጂ የምለው አላጣሁም።

በዚሁ በፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ጓቲማላ በኦሎምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያዋን ወርቅ ያገኘችው በዚሁ በሳህን ነው፣ በሴቶች ትራፕ። አድሪያና ሩአኖ ትባላለች። ጂምናስቲክ ስትሠራ ጀርባዋን ተጎድታ ነው ወደ ተኩስ የዞረችው። ከ50 ሳህን 45።

ጡረተኛው፦

እሺ እታለም፣ 200 ከ200 ካልሽ አልከራከርም። እኔ እንዲያ መትቼ አላውቅም፣ የቆመውንም። አንድ ነገር ግን ንገሩኝ፣ ሰው ለምን ሳህን ይተኩሳል? ማን አመጣው?

ከባሕር ማዶ ተመላሽ፦

መጀመሪያ እውነተኛ ርግብ ነበር ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ1900ው የፓሪስ ኦሎምፒክ ጊዜ እንኳ በሕይወት ያለ ርግብ ተተኩሷል። ደም ያየ ተመልካች አልወደደውም። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ እስካሁን ሳህኗን የሸክላ ርግብ የሚሏት።

ስኪት ግን ከአዳኞች ነው የመጣው። አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑ ሰዎች አደን በሌለበት ወቅት እጃቸው እንዳይሰንፍ ብለው ጀመሩት። መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር፣ እንደ ሰዓት ዙሪያውን እየዞሩ መተኮስ። ከዚያ ጎረቤት ያለው ሰው ዶሮ ርባታ ከፈተ። ፍሬው ዶሮዎቹ ላይ ሊወርድ ሆነ። ክቡን ለሁለት ቆርጠው በዚያኛው ጫፍ ሁለተኛ ማሽን ተከሉ። ዛሬ በኦሎምፒክ የምናየው ግማሽ ክብ የመጣው በዶሮ ምክንያት ነው በሉኝ።

የማራኪው ልጅ፦

ሞትኩ በሳቅ። ለአጎቴ የዶሮዋን ነገር ስነግረው «ድሮም የጎረቤት ነገር» አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ጎንደር እንዲህ ያለ ነገር መጀመር ይቻላል? ሜዳ መቼም አዘዞ በኩል ሞልቷል።

ጡረተኛው፦

ልጄ ተው። ሜዳ ስላለ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንኛውም መሣሪያ ፈቃድ ይፈልጋል። ሰው ሠርግና ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ እየተኮሰ ስንቱን አስለቀሰ። አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ ተኩስ ሲሰማ ሰው ሳህን ነው ብሎ አያስብም፣ በሩን ነው የሚዘጋው።

ከባሕር ማዶ ተመላሽ፦

ጋሼ ልክ ናቸው። እዚያ ክለብ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉ ጠመንጃው ተሰብሮ፣ ማለቴ ታጥፎ፣ ባዶ መሆኑ ከሩቅ እየታየ ነው የሚሄደው። መቆሚያው ላይ ሳይደርስ ጥይት የከተተ ይባረራል። ወጪውም አለ። በቀን አራት ዙር ብቻ ብትለማመድ መቶ ጥይትና መቶ ሳህን ነው።

ግን ያለ ጥይት የሚሠራ ልምምድ አለ፣ እነሱም ቤታቸው ይሠሩታል። የመጥረጊያ እንጨት ያዝ። ግድግዳውና ኮርኒሱ የሚገናኙበትን መስመር ተመልከት። እንጨቱን ወገብህ ጋ አድርገህ ጀምር፣ ከዚያ ወደ ትከሻህ እያወጣህ ጫፉን በመስመሩ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አስኪድ። ዓይንህ ጫፉን እንዳያይ፣ መስመሩን ብቻ። ጭንቅላትህን ወደ እንጨቱ አታጎንብስ፣ እንጨቱን ወደ ጉንጭህ አምጣው። በእጅህ ብቻ አይደለም የምትዞረው፣ ከወገብህ ነው። ሃያ ጊዜ ሥራና ትከሻህን ጠይቀው።

የማራኪው ልጅ፦

ትናንት ማታ ሠራሁት። አጎቴ ሲያየኝ ሳቀ። ከዚያ «አምጣው እስቲ» ብሎ ዱላውን ያዘ። እኔ የዘይት ጀሪካን ክዳን በሳሎኑ እወረውራለሁ፣ እሱ ይከተላል። አራቱ ላይ «ጧ!» ያለው ክዳኑ መሬት ከነካ በኋላ ነው። አምስተኛው ላይ ዝም አለ። ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ። መሸነፉን አላመነም፣ እንዳትጠብቁ። ሊተኛ ሲል ግን በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እኔም መልሱን አላወቅኩም። ጥንድ ሲወጣ የቱ ነው የሚቀደመው?

ከባሕር ማዶ ተመላሽ፦

ጫፍ ላይ ከቆመ አጠገቡ ካለው ቤት የምትወጣዋን፣ የምትሸሸዋን። ሌላዋ ወደ እሱ እየመጣች ስለሆነ ጊዜ አለው። ንገረውማ፣ ደግሞ ጥብሱን ለሦስት ሰው አድርጉት፣ ነሐሴ 16 እኔም ፒያሳ ነኝ።