ሥሪት 2.0 ከወጣ ወዲህ ከተጠቃሚዎች ጋር መግባባት አቃተን፤ ከየት እንጀምር?

ሴሚኮለን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሆነን በትርፍ ሰዓት የምንሠራው ክፍት ምንጭ የባክአፕ ፕሮግራም አለ፤ የሚሠራው በተርሚናል ነው። ሥሪት 2.0 ላይ የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉን ቅርጽ ከአይኤንአይ ወደ ቶምል ቀየርን (ሁለቱም ቅንብር የሚጻፍባቸው የጽሑፍ ቅርጾች ናቸው)፤ አዲሱ ሥሪት የድሮውን ፋይል አያነብም። ለውጡን የገለጽነው ኮሚቶቹ (የኮድ ለውጥ መዝገቦቹ) ላይ ብቻ ነበር። ኮዳችን ባለበት ድረ ገጽ በጊትሀብ ላይ በሦስት ሳምንት 140 ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ተከፈተ፤ ግማሹ ያው አንድ ጥያቄ ነው። ቻት ግሩፑም እንደዚያው። አንድ ሰው የደህንነት ቀዳዳ በግልጽ ኢሹ ላይ ለጠፈ። ሌሎች ደግሞ "ካልቻላችሁ የኮሚት መብቱን ለሌላ ስጡ" ይሉናል። መጀመሪያ ምን ብለን እንጻፍ? ተደጋጋሚ ጥያቄ በምን ይቀንሳል? የማንቀበለውን ሐሳብስ እንዴት "አይሆንም" እንበል?

ጠጋኝ
ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። 2.0 የድሮውን ፋይል ሲያገኝ ስህተት ብሎ ይቆማል ወይስ ፋይሉን ትቶ በነባሪ ቅንብር ይቀጥላል? ሲያበቃ የሚመልሰው የመውጫ ኮድ ስንት ነው (0 ማለት "በትክክል አለቀ" ነው)? ባክአፕን ብዙ ሰው የሚያስኬደው በክሮን (በተወሰነለት ሰዓት ትዕዛዝ በሚያስኬድ መሣሪያ) ስለሆነ ስክሪን የሚያይ የለም።

ሴሚኮለን
አሁን ሞከርነው። አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጽፍና በነባሪ ቅንብር ይቀጥላል። ኮዱ 0 ነው።

ጠጋኝ
እንግዲያው ነገሩ ከቅርጽ ለውጥ አልፏል። ኢሹ የከፈቱት ሰዎች ችግሩን ያዩት ናቸው። ያላዩት ግን የመረጡት ፎልደር በየሌሊቱ እየተገለበጠ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት 2.0.1 ይውጣ፦ የድሮ ፋይል ካገኘ ምንም ሳይገለብጥ ይቁም፣ ከ0 የተለየ ኮድ ይመልስ፣ ምክንያቱንም ወደ ስታንዳርድ ኤረር (የስህተት መልእክት መውጫ) ይጻፍ።

ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ የምትጨነቁበት ጽሑፍ ይህ የስህተት መልእክት ይሁን። ቻቱን የማይከታተል፣ የሪሊዝ ገጹን (አዲስ ሥሪት የሚወጣበትን) የማይከፍት ሰው እንኳ እሱን ያነባል። "ቁልፍ አልተገኘም" ማለት ለእናንተ እንጂ ለእሱ ትርጉም የለውም። እንዲህ ቢሆን፦

"ይህ ኮንፊግ ፋይል የተጻፈው በሥሪት 1 ቅርጽ ነው፤ ይህ ሥሪት አያነበውም። ምንም ባክአፕ አልተወሰደም። ፋይሉን ለመቀየር 'ኮንቨርት' የሚለውን ትዕዛዝ አስኪዱ፤ የድሮው ፋይል ሳይነካ ይቀመጣል።"

የሆነውን፣ ያልሆነውን፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ይናገራል። "ሳይነካ ይቀመጣል" የምትለዋን አታውጧት፤ ሰው ትዕዛዙን ለማስኬድ የሚፈራው የድሮውን እንዳያጣ ነው።

ከዚያ ማስታወቂያው። ጊትሀብ ላይ እስከ 3 ኢሹ ፒን ማድረግ (ከዝርዝሩ አናት ላይ ማሰካት) ይቻላል፤ አንዱን ለዚህ አውሉት። ምን እንደተሰበረ፣ ማንን እንደሚነካ፣ አሁን ምን እንደሚደረግ፣ ቀጣዩ ዜና በየትኛው ቀን እንደሚወጣ ጻፉ። ይቅርታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ለምን ቶምል እንደመረጣችሁ ማስረዳቱ እዚህ ቦታ የለውም፣ በሌላ ገጽ ይሁን። ያው ጽሑፍ ቃሉ ሳይለወጥ ሪሊዝ ገጹ፣ ሪድሚው (የፕሮጀክቱ መግቢያ ፋይል) እና ቻቱ ላይ ይውጣ፤ ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት ቃል ከተጻፈ ራሱ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል። ቃል የገባችሁበት ቀን ሲደርስ ሥራው ባያልቅም "አልጨረስንም፣ የቀረው ይህ ነው" ብላችሁ ጻፉ። ተጠቃሚ መዘግየትን ይታገሣል። ዝምታ ሲያይ ግን ፕሮጀክቱ እንደተተወ ይቆጥረዋል።

ሎግ አንባቢ
ስለ ተደጋጋሚዎቹ። መጀመሪያ ከ70ዎቹ አንዱን፣ ከሁሉ በደንብ የተጻፈውን፣ ዋና አድርጉና ሌሎቹን ወደሱ እያመለከታችሁ ዝጉ። "ዱፕሊኬት" ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ "ዋናው በዚህ ቁጥር ነው፣ መፍትሔው 2.0.1 ላይ ወጥቷል፣ ካልሠራላችሁ እዚያ ጻፉ" በሉ። ጽሑፉን በጊትሀብ የተቀመጡ መልሶች ውስጥ አስቀምጡት፤ ሰባ ጊዜ መጻፍ አያስፈልግም።

ለወደፊቱ ደግሞ ባዶውን የኢሹ ሳጥን በፎርም ተኩት። ፎርሙ የሚቀመጠው የጊትሀብ ፎልደር ውስጥ ባለው የኢሹ ቴምፕሌት ፎልደር፣ በያምል (ሌላ የጽሑፍ ቅርጽ) ፋይል ነው። እዚያው ባለው የኮንፊግ ፋይል ባዶ ኢሹን መከልከልና "እንዴት ላድርግ" የሚል ጥያቄ ያለውን ሰው ወደ ዲስከሽን (የውይይት ክፍሉ) መላክ ይቻላል። ፎርሙ አጭር ይሁን። አሥራ አምስት ሳጥን ያየ ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ነጥብ እያስገባ ያልፈዋል። የሚያስፈልጉት አምስት ናቸው፦ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያወጣው የሥሪት ቁጥር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ፕሮግራሙ የተጫነበት መንገድ፣ የተሰጠው ትዕዛዝ እንዳለ፣ የተጠበቀውና የሆነው፣ ሎጉ።

የተጫነበት መንገድ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰዓት ያድናል። ለምሳሌ ዴቢያን ስቴብል (ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት የተረጋጋ እትም) ከወጣ በኋላ ባብዛኛው የፓኬጆቹን ሥሪት አይለውጥም፤ የደህንነትና የከባድ ስህተት ጥገናዎችን ብቻ ወደ ነባሩ ሥሪት ይመልሳል። ስለዚህ እናንተ ከዓመት በፊት ያስተካከላችሁት ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ዛሬም እንደ አዲስ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው "አዲሱን ጫን" ከማለት ይልቅ በዴቢያን የራሱ ባግ መከታተያ፣ ሪፖርትባግ በሚባለው መሣሪያ እንዲያመለክት ንገሩት፤ ጥገናው የተደረገበትን ኮሚት ከሰጣችሁት የፓኬጁን ጠባቂ ሥራ ታቀላላችሁ።

ሎግ ስትጠይቁ ደግሞ ተጠንቀቁ። የባክአፕ ሎግ የይለፍ ቃል፣ የሰርቨር አድራሻና የሰው ፋይል ስሞች ሊይዝ ይችላል። ሚስጥሩን ራሱ ሸፍኖ ሪፖርት የሚያወጣ ትዕዛዝ ጨምሩ፤ "ሎጉን አጽዱና ለጥፉ" የሚል ማሳሰቢያ ብቻውን አይሠራም።

አንድ የማልመክረው ነገር አለ፦ የቆየ ኢሹ በራሱ የሚዘጋ ቦት። የጊትሀቡ "ስቴል" በነባሪው 60 ቀን ዝም ያለውን ምልክት አድርጎ ከ7 ቀን በኋላ ይዘጋል። ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ ባጉ አይጠፋም፤ በጥንቃቄ የጻፈላችሁ ሰውም ሁለተኛ አይጽፍም። ከተጠቀማችሁበት "መረጃ ይጎድላል" የሚል ሌብል ባላቸው ላይ ብቻ ወስኑት።

ቅርንጫፍ
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን "ኮንቨርት" የሚለው ትዕዛዝ ብቻውን አይበቃም። 2.1 ሁለቱንም ቅርጽ ያንብብ፣ ለድሮው ማስጠንቀቂያ ይስጥ፣ የድሮው ድጋፍ 3.0 ላይ ይውጣ።

ለምን እንደሆነ ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ታሪክ እዩ። ፓይተን 3.0 በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2008 ወጣ። የፓይተን 2 ድጋፍ በ2015 ሊቆም ታቅዶ ነበር፤ በመጨረሻ የቆመው በጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ በሁለቱም የሚሠራ አንድ ኮድ መጻፍ መክበዱ ነው። ለምሳሌ 3.0 የዩኒኮድ (የማንኛውንም ቋንቋ ፊደል የሚይዝ) ጽሑፍ ፊት የምትደረገውን የ"ዩ" ፊደል አስቀረ፤ በ2012 የወጣው 3.3 መልሶ ፈቀዳት። ያቺ ትንሽ ፊደል ስትመለስ ብዙ ኮድ ሳይነካ መሻገር ቻለ። እናንተም ጋ ብዙ ማሽን የሚያስተዳድር ሰው አለ። ግማሹ በሥሪት 1፣ ግማሹ በሥሪት 2 ሆኖ ጥቂት ወር መቆየት አለበት፤ በአንድ ሌሊት አይሻገርም።

የሥሪት ቁጥሩ ከ1 ወደ 2 መዝለሉ የሚሰበር ነገር እንዳለ ይጠቁማል። ምኑ እንደሚሰበር ግን አይናገርም፤ እሱ የቼንጅሎግ (ለተጠቃሚ የሚጻፍ የለውጥ ማስታወሻ) ሥራ ነው። በቼንጅሎጉ አናት ላይ "ከማዘመናችሁ በፊት" የሚል ክፍል አድርጉ፤ የአዲስ ነገሮች ዝርዝር ከሱ በታች ይግባ። የኮሚት ዝርዝር መለጠፍ ቼንጅሎግ አይደለም።

ጠጋኝ
ስለ ደህንነት ቀዳዳው። ኢሹውን ሰርዞ መደበቅ አይቻልም፤ ሪፖውን (የኮዱን ማከማቻ) ለሚከታተሉ በኢሜይል ደርሷል። ጥገናውን አፍጥኑ፣ ጊትሀብ ላይ የደህንነት ማሳሰቢያ ክፈቱ፣ የሲቪኢ (የደህንነት ቀዳዳዎች መለያ) ቁጥርም ከዚያው ጠይቁ። የለጠፈውን ሰው አትውቀሱ፤ የግል መንገድ አልነበረውም። በሪፖው ሴቲንግ ውስጥ የግል የደህንነት ሪፖርት መቀበያውን አብሩና ሴኩሪቲ የሚል ፋይል ጨምሩ፦ የት ይላክ፣ በስንት ቀን "ደርሶናል" ትላላችሁ (3 ቀን የምትችሉት ነው)፣ መቼ ይፋ ይሆናል። ብዙዎች የሚይዙት ገደብ 90 ቀን ነው።

የኮሚት መብት ጥያቄውን ግን በጫና አትመልሱ። ኤክስዜድ የሚባለውን ክፍት ምንጭ የፋይል መጭመቂያ አስታውሱ። በ2022 ብቻውን የሚደክመውን ጠባቂ ሥራው ዘገየ፣ ሰው ጨምር እያሉ አካውንቶች ወተወቱት። መብቱን ያገኘው አካውንት በኋላ በ5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር (ስውር መግቢያ) ቀብሮ ተገኘ፤ ይፋ የወጣው በማርች 29 ቀን 2024 ነው። ደክሟችሁ ከሆነ እርዳታ ጠይቁ። ኢሹ መለየትን፣ ሰነድ መጻፍን፣ ትርጉምን ወዲያው መስጠት ይቻላል፤ ሪሊዝ የሚፈረምበትን ቁልፍ ግን ለወራት ሥራውን ላያችሁት ሰው ብቻ።

ቅርንጫፍ
"አይሆንም" ስለማለት። ከሁሉ የከፋው መልስ "እናያለን" ነው፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ምክንያቱን፣ ያለውን አማራጭ፣ ሐሳባችሁን የሚያስለውጠውን ነገር ንገሩት። ለምሳሌ፦ "ግራፊክ መስኮት አንጨምርም፤ ለሦስት ሰው የሚከብድ ቋሚ ጥገና ይዞ ይመጣል። ውጤቱ በጄሶን (ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ቅርጽ) ስለሚወጣ በላዩ የተለየ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል፤ የሚሠራ ካለ ሪድሚው ላይ እናስተዋውቀዋለን።" ኮንትሪቢውቲንግ ፋይሉ (ለመሳተፍ ለሚፈልጉ የሚጻፈው መመሪያ) ላይም "ትልቅ ፑል ሪኩዌስት (ኮድ እንዲገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ከመላክዎ በፊት ኢሹ ይክፈቱ" በሉ። 800 መስመር ከጻፈ በኋላ "አንፈልገውም" መባል የሰውን ልብ ይሰብራል።

ቻት ላይ የተወሰነ ነገር ካለ በዚያው ቀን ኢሹው ላይ ይጻፍ፤ የቻት መልስ በፍለጋ አይገኝም።

ሴሚኮለን
2.0.1 ነገ ይወጣል፤ ፒን የሚደረገውን ጽሑፍ እየጻፍን ነው። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ 2.1 ሁለቱን ቅርጽ በትክክል እንደሚያነብ ከመውጣቱ በፊት በማን እናስፈትሽ?

ሎግ አንባቢ
ከ140ዎቹ ኢሹዎች ውስጥ ትዕዛዙንና ሎጉን አሟልተው የጻፉትን ለዩ፤ አሥር አሥራ አምስት ሰው አታጡም። በየኢሹዋቸው ስማቸውን እየጠራችሁ ጋብዟቸው። "ሞክሩልን" አይበቃም፤ ሥራውን ለክታችሁ ስጡ፦ "አርሲ 1ን (የ2.1 የሙከራ እጩ) ጫኑ፣ የድሮውን ፋይል ሳትነኩ በሙከራ ሁነታ አስኪዱ፣ የሚገለበጡትን ፋይሎች ዝርዝር ሥሪት 1 ከሚያወጣው ጋር አወዳድሩ፣ ልዩነት ካለ ልዩነቱን ብቻ ላኩ።" ሁለት ሳምንት ስጧቸው። በኮንፊጉ ውስጥ የላቲን ያልሆነ ፊደልና ክፍት ቦታ ያለበት የፎልደር ስም የሚጠቀም ሰው ቢያንስ አንድ ይኑር፤ ቅርጽ ሲቀየር መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው።