ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ዶክትሬት ለመማር ምን ምን ይጠይቃል?

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሳይኮሎጂ ዲግሪ አለኝ፣ አሁን እዚሁ ደብረ ብርሃን ከተፈናቃዮች ጋር ነው የምሰራው። አንዲት እናት አሉ፣ እኔ ሳወራ እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየቋጠሩ እየፈቱ ሰአቱ ያልቃል፣ አንድ ቃል አይወጣቸውም፣ እኔም ከዚህ በላይ ምን ላድርግ አላውቅም። ለዛ ነው በደንብ መማር የፈለግኩት። አሜሪካ ያለማስተርስ ዶክትሬት ይገባል የሚሉት እውነት ነው? ኮርሱስ ምንድነው? በናታችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የመንዝ ልጅ፦
እውነት ነው የኔ እህት፣ እኔ እዛው 4ኛ አመት ላይ ነኝ። ብዙዎቹ ፒኤችዲ ፕሮግራሞች ከዲግሪ በቀጥታ ይቀበላሉ፣ ማስተርሱን መንገድ ላይ ትይዢዋለሽ፣ ግን ከ5 እስከ 7 አመት ይፈጃል። መጀመሪያ ኮርስ ነው፣ ስታትስቲክስ፣ ሪሰርች ሜተድ፣ ሳይኮፓቶሎጂ (የአእምሮ ህመም ጥናት)፣ የሰው እድገት፣ የአይኪውና የፐርሰናሊቲ ምርመራ፣ ቴራፒ፣ የሙያ ስነምግባር። ስታትስቲክሱን ከአሁኑ ያዢው፣ እኔን አስለቅሶኛል። ዋናው ግን ፕራክቲከሙ ነው። ክሊኒክ ገብተሽ ታክሚያለሽ፣ ሴሽኑ ይቀረጻል፣ ከዛ ከሱፐርቫይዘርሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። የኔዋ አንድ ቀን ቪዲዮውን አቆመችና «እዚህ ጋ ትንሽ ዝም ብትል ሰውዬው ሊናገር ነበር» አለችኝ፣ መልሼ ሳየው እውነትም ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር እኔ ነኝ ያቋረጥኩት። ስለዚህ እማማንም ዝም ሲሉ አብረሽ ዝም በያቸው፣ አትቸኩዪ። መጨረሻ ላይ የ1 አመት ኢንተርንሺፕ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ 2000 ሰአት ገደማ፣ ምደባው በአገር አቀፍ ማች (ተማሪንና ቦታን በሚያገናኝ ድልድል) ስለሆነ ሌላ ስቴት ሊደርስሽ ይችላል። ዲሰርቴሽኑም (የመመረቂያ ጥናቱ) አለ። ከተመረቅሽ በኋላ ደግሞ ለላይሰንስ ኢፒፒፒ የሚባል 225 ጥያቄ ያለው ፈተና።

ከደብረ ሲና፦
ፒኤችዲና ሳይዲ (PsyD፣ ሌላው የሳይኮሎጂ ዶክትሬት አይነት) እንዳይምታቱብሽ እህቴ። ሳይዲ ወደ ህክምናው ያደላል ግን ብዙ ጊዜ ከኪስ ነው የሚከፈለው፣ ፒኤችዲ ግን ብዙ ቦታ ትምህርቱን ሸፍነው ስታይፔንድም (የኑሮ ድጎማ) ይሰጣሉ፣ ለዛ ነው ውድድሩ የሚከብደው። ኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማህበር) እውቅና የሰጠው መሆኑን ሳታረጋግጪ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም እንዳትከፍዪ፣ የአክስቴ ልጅ አንድ ኦንላይን ትምህርት ቤት ከፍሎ ወረቀቱ ለላይሰንስ አልሆነውም።

ነርሷ፦
ልጄ፣ ሂጂና ተማሪ፣ ግን ተመለሽ። እኛ ጋ ሰው አእምሮውን ሲታመም መጀመሪያ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ነው የሚወሰደው፣ እኔም ወንድሜን ወስጃለሁ። ጸበሉን ሳያንቋሽሽ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ሰው ነበር ያጣሁት። እዚሁ አገር ዶክትሬት ካሰብሽ ማስተርሱን አስቀድሚ።

የደብረ ብርሃኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እዚህ የሰራሁት ሰአት ግን ይቆጠርልኛል?

የመንዝ ልጅ፦
ሰአቱ አይቆጠርም፣ በፕሮግራሙ ስር ሱፐርቪዥን ያለው ብቻ ነው የሚያዘው። ማመልከቻሽ ላይ ግን ስለ እማማ ጻፊ፣ ስማቸውን ሳትጠሪ። ሪሰርች የሚሰራ መምህር ካለም አሁኑኑ ተጠጊ፣ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል።