ትከሻው ወልቆ ጎል ያስቆጠረው የአርሰናል ግብ ጠባቂ ፍራንክ ሞስ

ጥያቄ፦
ስለ 1930ዎቹ አርሰናል በተጻፈ ሁሉ ግብ ጠባቂው ፍራንክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1935 ኤቨርተን ላይ ጎል ማስቆጠሩ ይነሳል። ግብ ጠባቂ በጨዋታ መካከል እንዴት የግራ ክንፍ ሊሆን ቻለ? ደግሞስ ሊጉን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ላሸነፈ ቡድን የተጫወተ ሰው ለእንግሊዝ አራት ጊዜ ብቻ መሰለፉ ችሎታው አንሶ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ በጨዋታው ደንብ ውስጥ ነው። በእንግሊዝ ሊግ ተጫዋች መቀየር የተፈቀደው በ1965 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጎዳ ሰው ከሜዳ ከወጣ ቡድኑ በአሥር ሰው ይቀር ነበር። ስለዚህ መራመድ የቻለ ጉዳተኛ ሁሉ ወደ ክንፍ ይገፋ ነበር፤ ምንም ባይሠራ እንኳ አንድ ተከላካይ ይይዛል። መጋቢት 16 ቀን 1935 በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ የሞስ ትከሻ ሲወልቅ የሆነውም ይኸው ነው። የግራ ተከላካዩ ኤዲ ሃፕጉድ ግቡን ተረከበ፤ ሞስም ወጌሻ ካየው በኋላ ተመልሶ በግራ ክንፍ ተሰለፈና አንዱን ጎል አገባ፤ አርሰናልም 2 ለ 0 አሸነፈ።

መልስ 2፦
ችሎታው አላነሰም። የእሱ ዕጣ ከበርሚንግሃሙ ሃሪ ሂብስ ጋር በአንድ ዘመን መገኘት ነበር፤ ሂብስ 25 ጊዜ ለአገሩ ተሰልፏል። ሞስ በሚያዝያ 1934 በዌምብሌይ ስኮትላንድን 3 ለ 0 ባሸነፈው ቡድን ጀመረ፤ በቀጣዩ ወር በሃንጋሪና በቼኮዝሎቫኪያ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ አራተኛውና የመጨረሻው የኅዳር 14 ቀን 1934 የጣሊያን ጨዋታ ሆነ። በያኔው የአርሰናል ሜዳ በሃይቤሪ በተደረገው በዚያ ግጥሚያ ሰባት የአርሰናል ተጫዋቾች ተሰልፈው ነበር። ጣሊያን የዓለም ሻምፒዮን ሆና በመጣችበት በዚያ ቀን የጣሊያኑ ሉዊስ ሞንቲ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እግሩ ተሰብሮ ቡድኑን ቢያጎድልም፣ እንግሊዝም በ12 ደቂቃ ውስጥ 3 ለ 0 ብትመራም፣ ከዕረፍት መልስ ጁሴፔ ሜአሳ ሁለት አስቆጥሮ ጨዋታውን ወደ ጭንቅ ለወጠው። ሃፕጉድ አፍንጫው ተሰብሮ ነው የጨረሰው። እንዲህ ባለ ጨዋታ 3 ለ 2 ይዞ የወጣ ግብ ጠባቂ በካፕ (ለብሔራዊ ቡድን በተሰለፈባቸው ጨዋታዎች) ቁጥር ሊመዘን አይገባም ባይ ነኝ።

መልስ 3፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ የኤቨርተኑን ጎል እንደ ጀብዱ ሲያወራው ሥራው የተቋረጠበት ጉዳት መሆኑ ይዘነጋል። በዚያ ዘመን አጥቂ ኳስ የያዘን ግብ ጠባቂ በትከሻው እንዲገፋ ሕጉ ይፈቅድ ስለነበር፣ ትከሻው አንዴ የላላ ግብ ጠባቂ ብዙም ተስፋ አልነበረውም። ሞስም ተመልሶ ጥቂት ሞክሮ አልሆነለትም፤ ጫማውን የሰቀለው ገና ሠላሳ ሳይሞላው ነው። በ1937 የስኮትላንዱን ሃርትስ ለማሰልጠን ሄደ፤ በ1937/38 የውድድር ዘመንም ቡድኑ ከሴልቲክ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። ለዕድሜው ትልቅ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ ሞስ ለአርሰናል ግብ የጠበቀበት የ1932ቱ የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜም መነሳት አለበት። ኒውካስል አርሰናልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ የኒውካስል የመጀመሪያዋ ጎል የተገኘችው ጂሚ ሪቻርድሰን ከመስመር የወጣች ኳስ አሻምቶ ነው፤ የዜና ፊልሙ በኋላ ይህንኑ አሳይቷል። ዳኛው ጎሉን አጸደቁ፤ ሞስ በዚያ ዋንጫ ሌላ ፍጻሜ አልተጫወተም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አርሰናል በ1936 ሼፊልድ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ ግቡን የጠበቀው ማን ነበር?

መልስ 3፦
አሌክስ ዊልሰን ነው፤ የሞስን ቦታ የተካው እሱ ነበር። ጎሉን ያገባው ቴድ ድሬክ ነው።