የድሮ ቢኤምደብሊው ልገዛ ነው፤ የኋላ ወለሉን እንዴት ልይ?

ጥያቄ፣ ከፍራንክፈርት
ሰላም ለሁላችሁም። የ2001 ቢኤምደብሊው 320አይ፣ ኢ46 የሚባለውን ባለአራት በር ልገዛ ነው። ሞተሩ ንጹህ ነው። ግን አንዱ ጎማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲወጣ ቦዲው ሲጥ ሲጥ ይላል። ማርሽ ስቀይርም ከኋላ ጓ ይላል። ሻጩ «ኮፈኑ ስር ማጠንከሪያ ብረት አስገጥሜበታለሁ፣ አታስብ» አለኝ። ልመነው?

መልስ፣ ከሙኒክ
ወንድሜ፣ የፊቱን ብረት እርሳው። እሱ የሚያያይዘው የሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች አናት ነው፤ ለኋላው ምንም አይፈይድም። የኢ46 የታወቀ ደካማ ጎን የኋላ ወለሉ ነው። ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን) የያዘው ፍሬም ከወለሉ ላሜራ ጋር በአራት ቦታ በቡሎን ይታሰራል። ነዳጅ በረገጥክና በለቀቅክ ቁጥር ፍሬሙ ላሜራውን ይጎትተዋል፣ መልሶ ይገፋዋል። ከዓመታት በኋላ ላሜራው ይደክምና በማሰሪያዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። አንዳንዴም የነጥብ ብየዳው ይላቀቃል።

ሊፍት ላይ አስወጣው። አራቱንም ቦታ በደንብ ጥረግና በባትሪ እይ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ አትቸኩል፤ ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ እሱን ተከተል። የወለሉ የስር ቅብ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ ለምን እንደተቀባ ጠይቅ። የፖርታ ባጋጁን ምንጣፍ አንስተህ ከላይም እይ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (ባትላሜራ ነኝ)
ጓ የሚለው ጎሚኒው (በማሰሪያው መካከል ያለው ጎማ) አልቆም ሊሆን ይችላል፤ ሳታይ አትፍረድ። ጎሚኒ ከሆነ ይቀየራል፣ አለቀ። ስንጥቅ ካለ ግን ፍሬሙ ወርዶ፣ ስንጥቁ ተበይዶ፣ ወፍራም ላሜራ ይደረብበታል። በስቱኮ የተሸፈነ ካየህ ዞር በል።

አንዱን ጥግ በክሪክ አንሳና በሮቹን ክፈት፣ ዝጋ። በሩ ከተናነቀ ቦዲው ችግር አለበት፤ ምናልባት ተጋጭቶ ይሆናል። የፊት መስታወቱንም እይ። በሙጫ ስለሚለጠፍ ቦዲውን አጥብቆ ከሚይዙት አንዱ እሱ ነው። በደንብ ካልተለጠፈ ሲጥ ሲጥታው ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ጠያቂው
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሊፍት ላይ አስወጣዋለሁ። ስንጥቅ ቢኖረው ቲዩፍ (የጀርመን የመኪና ምርመራ) ያሳልፈዋል?

መልስ፣ ከሽቱትጋርት
ሸክም በሚይዝ ብረት ላይ ስንጥቅ ካገኙ አያሳልፉህም። በባለሙያ በአግባቡ ከተበየደ ግን ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በያጅ ዋጋ ይንገርህ፣ ከዚያ ከሻጩ ጋር ተደራደር። ሊፍት ላይ አላወጣም ካለህ ተወው፤ ጀርመን አገር ኢ46 ሞልቷል።