ሐዋሳ፦ ኤጀንሲው ብር ጠየቀኝ፣ ልክ ነው?

ሰላም ወገን። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን በአንድ ኤጀንሲ በኩል ፈተና አለፍኩና «የመጀመሪያ ደሞዝህን ግማሽ ትከፍላለህ» አሉኝ። ቅጹ ላይ ደግሞ ኩባንያው በወር አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ችግኝ ስለሚተክል «ትሳተፋለህ ወይ?» ይላል። ይሄ ከሂሳብ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?

— ወንድሜ፣ እንዳትከፍል! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ አይቀበልም። ከፈለገ ቀጣሪውን ያስከፍል።

— እኔ ሰው ቅጥር ላይ ነው የምሠራው። ብሩን በተመለከተ ከላይ የተባለው ልክ ነው። ቅዳሜዋን ግን አትናቃት፤ እኔ ራሴ አሁን ያለሁበትን ቦታ ያገኘሁት ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ጋር ጉድጓድ ስንቆፍር ውለን፣ ከዛ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ በተጀመረ ወሬ ነው።

— እሱ ለአንቺ ሠርቷል እህቴ። የእኛ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ ችግኙን ውኃ የሚያጠጣው የለም። ደግሞ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ላይ ያለ ልጅ «አልመጣም» ማለት ይችላል?

— ጠያቂው ነኝ። ደረሰኝ ትሰጣላችሁ ወይ ስላቸው «እንደውልልሃለን» አሉ። እስካሁን ዝም ነው።