ልጄ የመጀመሪያ የጂምናስቲክ ውድድሯ ደርሷል፤ ምን ላዘጋጅ?

ጠያቂ፦ እናት፣ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ዓመት ልጅ አለችኝ። ጂምናስቲክ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሰልጣኟ አዲስ አበባ ለሚደረግ የክለቦች ውድድር ይዟት ይሄዳል፤ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀመራል። የምትወዳደረው በወለል እንቅስቃሴና በቢም ነው፤ ቢም የሚሉት ያንን ቀጭኑን የሚዛን አግዳሚ ነው።

እኔ ስለ ስፖርቱ የማውቀው ነገር የለም። በልጅነታችን የምናውቀው ሰርከስ ነበር። የሰርከስ ጅማ ልጆች ሲገለባበጡ አፋችንን ከፍተን እናይ ነበር። አሁን የኔዋ ግቢያችን ውስጥ ባለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ጠርዝ ላይ እጇን ዘርግታ ስትመላለስ ትውላለች። ዝናብ ካባራ በኋላ ሳይቀር። ልቤም አብሯት ይመላለሳል።

ሰሞኑን ማታ ልትተኛ ስትል፣ «እማ፣ ከቢሙ ብወድቅ ያባርሩኛል?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ሌላው ልብሱ ነው። ሙስሊሞች ነን። አባቷ እግሯ የተሸፈነ ቢሆን ይመርጣል። ይፈቀድ ይሆን? ፀጉሯንስ እንዴት ላድርገው? ምን ላብላት? ደግሞ መኪና ያማታል፤ ጊቤ በረሃ ላይ ሳታስመልስ አልፋ አታውቅም። በአላህ፣ የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የስፖርት መምህር

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለልጅሽ ጥያቄ መልስ እንስጣት። ከቢም የወደቀ አይባረርም። ተመልሶ ይወጣል፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

በዓለም አቀፉ ሕግ ለአፈጻጸም የሚሰጠው ነጥብ ከ10 ይነሳና በየስህተቱ እየተቀነሰ ይሄዳል። መውደቅ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። መንገዳገድ ወይም ጉልበት ማጠፍ እንደ መጠኑ 0.1፣ 0.3 ወይም 0.5 ያስቀንሳል። የሠራችው ነገር ክብደት ደግሞ ለብቻው ተቆጥሮ ይደመርላታል። ለጀማሪ ልጆች አሠራሩን የሚያቀሉ ውድድሮች ስላሉ ዝርዝሩን አሰልጣኟን ጠይቂው። ለእሷ ግን፣ «ብትወድቂ አንድ ነጥብ ይቀነስብሻል፣ ከዚያ ትወጫለሽ» በያት። ልጅ የሚፈራው መጠኑን ያላወቀውን ነገር ነው። ዛሬ ማታ ንገሪያት፤ አታሳድሪው።

የቦዩን ጠርዝ ግን ዛሬውኑ አስቁሚያት። የጅማ ዝናብ የነካው ሲሚንቶ ሳሙና ነው። የውድድር ቢም 5 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከመሬት 1 ሜትር ከ25 ከፍ ይላል፤ ለትንንሾች ዝቅ ብሎ ሊቀርብ ይችላል። በረንዳችሁ ላይ በጠመኔ 10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የሚሄዱ ሁለት መስመሮች አስምሪላት። እዚያ ላይ ትሂድ፣ ትዙር፣ በአንድ እግሯ ትቁም። ከፍ ያለ ነገር ላይ የሚሠራውን አሰልጣኟ ባለበት፣ ፍራሽ ተነጥፎ ይሥሩት።

አንድ ነገር ደግሞ አብራችሁ ተለማመዱ። ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ወደ ዳኛው ዞራ እጇን ወደ ላይ አንስታ ሰላምታ ትሰጣለች። ስትጨርስም እንዲሁ። ትንንሾች የመጨረሻውን ይረሱትና ወደ አሰልጣኛቸው ይሮጣሉ። አንቺ ወንበር ላይ ተቀመጪና ዳኛ ሁኚላት። ሰላምታ፣ ሥራ፣ ሰላምታ። በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ልብሱ አያስጨንቅሽ። ዓለም አቀፉ ሕግ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ልብስ ይፈቅዳል። የጀርመን ሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ እንዲህ ያለ ልብስ ለብሶ ተወዳድሯል። ዋናው ነገር በልኳ መሆኑ ነው። ሰፊ ሱሪና ሰፊ ቲሸርት ስትገለበጥ ፊቷ ላይ ይወርዳል፤ አሰልጣኟ ሲደግፋትም እጁ ይጠላለፍበታል። ተዘጋጅቶ ካላገኛችሁ የሚለጠጥ ጨርቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት። ከዚያ ለብሳው ቢያንስ ሁለት ቀን ትለማመድበት። ስፌቱ የሚተረተር ከሆነ ጅማ ላይ ይተርተር። ስለ ራስ መሸፈኛ ደግሞ አዘጋጆቹን በአሰልጣኙ በኩል ከአሁኑ አስጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ የሚጠየቅ አይደለም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

የኔ እህት፣ እኔ በዚህ መንገድ አልፌበታለሁ። ያጠፋሁትን ልንገርሽ።

ፀጉሯን ዋዜማውን ሹሩባ አሠራኋት። ጥብቅ ይላል ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ራሷን አሟት ስትገላበጥ አደረች። ጫፉን ደግሞ ሰብስበን ማጅራቷ ላይ ቋጥረነው ነበር። ወደፊት ስትንከባለል የሚያርፈው ልክ እሱ ላይ ነው። በተንከባለለች ቁጥር ፊቷ ሲጨማደድ አይቼ አንጀቴ ተላወሰ። ስለዚህ ሹሩባውን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም አድርጊው። ወደ ላይ ይሠራ፣ ጫፉ በላስቲክ ጠፍጠፍ ተደርጎ ይታሰር። ክሊፕና ዶቃ አይግባበት።

ሁለተኛው ቫዝሊን ነው። እኛ እናቶች ልጅ ከቤት ሲወጣ እግሩ ካልወዛ ደስ አይለንም። ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ከእጇ እስከ ውስጥ እግሯ ቀባኋት። ቢሙ ላይ ልትሞቅ ስትወጣ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ተንሸራተተች። አሰልጣኟ እግሯን በእርጥብ ፎጣ ጠርጎ ማግኒዥያ ቀባላት፤ ያ ነጩ ዱቄት ነው። ማታ ቀቢያት። ጠዋት ግን መዳፏና ውስጥ እግሯ በሳሙና ታጥቦ ደርቆ ይሁን።

ጉትቻ፣ ሐብል፣ አምባር ቤት ይቅር። የኔ ልጅ ማተቧን አላወልቅም ብላ አልቅሳ ነበር። አሰልጣኙን አስፈቅደን ደረቷ ላይ በፕላስተር ለጠፍነውና ልብሱን ከላይ አለበስናት። ይህን ያነሳሁት ሌሎች እናቶችም ስለሚያነቡት ነው።

ቦርሳው ውስጥ የልደት ሰርተፍኬት ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶ አይጥፋ፤ ዕድሜ ይጠየቃል። ጃኬት፣ ካልሲና ነጠላ ጫማም ያዢ። የአዲስ አበባ ጠዋት ከጅማ ይበርዳል። ልጆቹ በባዶ እግር ሆነው ተራ ሲጠብቁ ያሞቁት ሰውነት ይቀዘቅዛል።

መልስ፦ አባት፣ ከአጋሮ

የኔ ልጅ ሯጭ ነው። «ሜዳሊያ ካመጣህ ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ብዬው በርትቶ ሠርቷል። ለሷም አንድ ነገር ቃል ግቡላት። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ልምምዱንም እጥፍ ብታደርጉት ይጠቅማታል እላለሁ።

መልስ፦ የስፖርት መምህር

ወንድሜ፣ ለልጅህ ያለህ ስሜት ይገባኛል። በዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሩጫ ላይ የደከመ ልጅ ዘግይቶ ይገባል። ጂምናስቲክ ላይ የደከመ ልጅ በአንገቱ ይወድቃል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የምታውቀውን ማጥራት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ቀለል ይበሉ።

ሽልማቱም ቢሆን ከሜዳሊያ ጋር አይታሰር። ሜዳሊያው በእሷ እጅ አይደለም፤ ሌሎቹ ልጆች ምን ያህል እንደሚሠሩ አታውቅም። ሰላምታዋን ሰጥታ ሥራዋን መጨረስ ግን በእሷ እጅ ነው።

ልጅቷ «ዛሬ ይህን አልችልም፣ ፈራሁ» ካለች ደግሞ ስሟት። ታዋቂዋ አሜሪካዊት ጂምናስቲከኛ ሲሞን ባይልስ እንኳ በቶኪዮ አየር ላይ ስትሽከረከር የት እንዳለች ማወቅ ሲያቅታት ከአብዛኞቹ ፍጻሜዎች ራሷን አግልላለች። በመጨረሻ ተመልሳ በቢም ነሐስ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ የአጠቃላይ አሸናፊነቱን ወርቅ ወሰደች። በዚያው በፓሪስ አልጄሪያዊቷ ካይሊያ ነሙር ከፍታቸው በሚለያይ ሁለት ዘንጎች ላይ በሚሠራው ውድድር ወርቅ አግኝታለች። በጂምናስቲክ ለአፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነው። ቪዲዮውን ለልጅሽ አሳያት፣ እህቴ።

መልስ፦ ነርስ፣ ከጅማ

አዴ፣ መንገዱን በተመለከተ፦ ውድድሩ ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ውጡ። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ዓርብ አምሽታ የደረሰች ልጅ ቅዳሜ ጠዋት አትገለበጥም። ወደ ፊት ያለውን ወንበር ያዙ፤ መስኮቱን ከፈት አድርጊላት፣ ሩቅ ትመልከት። ስልክ አትስጫት። ከመነሳታችሁ በፊት ደረቅ ዳቦ ትቅመስ እንጂ ሆዷ ባዶም ጢም ያለም አይሁን። ጊቤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ላስቲክ ከረጢት እጅሽ ላይ ይኑር። የመኪና ሕመም መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ያስተኛል። ስለዚህ ፋርማሲ አማክረሽ ለመንገዱ ቀን ካልሆነ በቀር ቅዳሜ ጠዋት እንዳትሰጫት።

ምግብ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ አዲስ ነገር የለም። የአዲስ አበባ ዘመዶች ዶሮ ወጥ ሠርተው እንደሚጠብቋችሁ አውቃለሁ። ለቅዳሜ ማታ እንዲያቆዩት ለምኛቸው። ዓርብ ማታ የለመደችውን አልጫ በእንጀራ ወይም ፓስታ ትብላ። ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቂጣ በማር፣ ሙዝ፣ ቀጠን ያለ ሻይ። ጅማ ነንና ልጅ ቡና መቅመሱ ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ይቅርባት። ተራዋ ሲዘገይ ሌላ ግማሽ ሙዝ በቂ ነው። ውኃ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ።

አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። በእጅ ከቆመች በኋላ የእጅ አንጓዋን ታሻለች? በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ማደጊያ ገና አልጠነከረም። «አመመኝ» ካለች በፋሻ ጠቅልሎ መቀጠል የለም። ለአሰልጣኟ ይነገር፣ ትረፍ፣ ካልተሻላት ሐኪም ይያት።

ጠያቂ፦ እናት፣ ከጅማ

አላህ ይስጥልኝ። አንጓዋን አያማትም፤ ዛሬ ሦስቴ ጠየቅኳት። የመውደቁን ነገር ስነግራት፣ «አንድ ብቻ?» ብላ ዝም አለች። ከዚያ ተኛች። የቀረችኝ ጥያቄ ሙዚቃው ነው። የምትወደውን የኦሮምኛ ዘፈን ለወለሉ ልትጠቀምበት ትፈልጋለች።

መልስ፦ የድሮ የሰርከስ ልጅ

በሴቶች የወለል ሥራ ሙዚቃው ቃል ያለው ዘፈን መሆን አይችልም፤ ዜማ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ርዝመቱም ከ90 ሴኮንድ አይበልጥም። ዘፈኑን በክራር ወይም በኦርጋን ብቻ የሚጫወትላችሁ ሰው ካለ ጥሩ ነው። ካልሆነ አሰልጣኙ ያለውን ትውሰድ። በሁለት ፍላሽ ላይ ጫኑት፣ አንድ ደግሞ ስልክሽ ላይ ይኑር። እኛ አንድ ጊዜ ፍላሹ አልከፍት ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆመን ቀርተናል። ያኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለ አዳራሹም ልንገርሽ። ልጆች የሚደነግጡት በሰው ብዛት ብቻ አይደለም። ጣሪያው ከለመዱት ይርቃል፤ ድምፅ ያስተጋባል፤ ፍራሹ ከለመዱት ይጠጥራል ወይም ይለሰልሳል። ከተቻለ ዓርብ ከሰዓት ገብታ በባዶ እግሯ ትራመድበት። ቢም ላይ ስትቆም ዓይኗ እግሯ ላይ ሳይሆን የአግዳሚው መጨረሻ ጫፍ ላይ ይረፍ።

አንቺ ደግሞ ከተመልካች ቦታ ስሟን አትጥሪ። አውቃለሁ፣ ይከብዳል። ድምፅሽን ከሰማች ዞራ ትፈልግሻለች። የት እንደምትቀመጪ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ እዚያው ሁኚ።

ጠያቂ፦ እናት፣ ከጅማ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሰናል። ሐሙስ ወጣን። ጊቤ ላይ አላስመለሰችም፤ ፊቷን መስኮቱ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ወረደች። ልብሷ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ጥቁር ሰማያዊ፤ ሂርማታ ያለ ልብስ ሰፊ ነው የሠራልን። ማንም ምንም አላለንም።

ወለሉን በደንብ ሠራች። ቢሙ ላይ ስትዞር ወደቀች። አፌን በሻርፔ ያዝኩት። ተነሳች፣ ሁለት እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች፣ ወጣች። ሁለተኛው ዙር ላይ እግሯ ሲንቀጠቀጥ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር፤ ግን አልወረደችም። ስትጨርስ ወደ አሰልጣኟ ሁለት እርምጃ ሮጣ ድንገት ቆመች። ተመለሰችና ለዳኛው እጇን አነሳች።

ከ14 ልጆች 9ኛ ወጣች። መጥታ መጀመሪያ ያለችኝ፣ «አንድ ነው የቀነሱብኝ፣ ቆጥሬያለሁ» ነው።

እጄ የተንቀጠቀጠው ግን ያኔ ሳይሆን ማታ ዶሮውን ስንበላ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ እናት፣ ከጅማ ዙሪያ

እንኳን ደስ አላችሁ! የኔዋ 7 ዓመቷ ነው፤ ሰሞኑን ትጀምራለች። እንዲህ ያለ ሙሉ ልብስ ፈልጌ አጣሁ። የጨርቁን ዓይነት ብትነግሪኝ?

ጠያቂ፦ እናት፣ ከጅማ

በአራቱም አቅጣጫ የሚለጠጠውን በይ፤ ወደ ጎን ብቻ የሚለጠጠው ስትገለበጥ ይይዛታል። አንድ ሜትር ተኩል በቅቶናል። የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ጠቦባት ቤት ተቀምጧል፤ ለ7 ዓመት ልጅ ይሆናል። ቅዳሜ ገበያ ስትወጪ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አቀብልሻለሁ።