ሐይቅ ዳር ጎጆ ለመሥራት፦ ግንድ ወይስ ጭቃ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቅዳሜና እሑድ ከደሴ እየሄድን የምናርፍባት 4 በ5 ሜትር ጎጆ ልንሠራ ነው። የአሜሪካ ገጠር ውስጥ ያለው፣ ግንድ በግንድ ላይ ተነባብሮ ማዕዘኑ የሚቆላለፈው ዓይነት አምሮናል። ባሕር ዛፉ እዚያው አለ። ያዋጣል? ጣሪያውስ ሣር ይሁን ቆርቆሮ?

ቦርከና፦
በባሕር ዛፍ ግንድ አትጀምሩት። ያንን አሠራር በ17ኛው መቶ ዘመን ወደ ደላዌር ወንዝ ሸለቆ ይዘው የሄዱት ስዊድኖችና ፊንላንዶች ናቸው፤ በአገራቸው የለመዱት ቀጥ ያለ፣ ሲደርቅ ብዙም የማይጣመም የፓይን ግንድ ነበር። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ዛሬ ልክክ ያለው ማዕዘን በበጋ እጅ ያስገባል። ለቋሚና ለማገር ግን ግሩም ነው፤ ልጡን ልጣችሁ ጥላ ሥር 3 ወር አድርቁት። መሬት ውስጥ አትቅበሩት፣ ምስጥ ይጨርሰዋል። ከመሬት 50 ሳንቲሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቁሙና ማዕዘኑን በሰያፍ እንጨት ደግፉት።

ምርጊት፦
መረሬ አፈር እንዳትነኩ፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል። ቀዩን አፈር በጠርሙስ ፈትኑት፦ ግማሹን አፈር፣ የቀረውን ውኃ አድርጋችሁ በጥብጡና አሳድሩት። አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይለያል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ጨምሩ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ነስንሳችሁ በእግር ርገጡት፤ ውኃ እየረጫችሁ እያገላበጣችሁ ሳምንት ይቡካ። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርም፣ አትደንግጡ። በደንብ ይድረቅ፤ ከዚያ ስንጥቁን አርጥባችሁ ሁለተኛውን ምረጉ። ከበልጉ ዝናብ በፊት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይለቅ።

ቦርከና፦
ስለ ጣሪያው፦ የገበሬው ሣር ክዳን ዕድሜው የሚረዝመው በየቀኑ እሳት ስለሚነድበት ነው። ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባዩንም ያርቃል። አምስት ቀን ተቆልፎ የሚከርም ቤት ላይ ያው ሣር ቶሎ ይበሰብሳል። የሚያነድ ሰው ከሌለ ቆርቆሮ አልብሱና ከሥሩ ኮርኒስ ምቱበት። ሣር ካላችሁ ቁልቁለቱ ከ45 ዲግሪ አይነስ፣ ውፍረቱ 25 ሳንቲሜትር ይሁን፣ ክፈፉም ከግድግዳው 70 ሳንቲሜትር ይውጣ፤ አለዚያ ዝናቡ ምርጊቱን ያጥበዋል። ማታ በረደን ብላችሁም ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። ጭስ ባይኖረውም ይገድላል።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። ጎረቤታችን በሳምንት ሁለቴ ቢያነድልንስ?

ምርጊት፦
በበጋ ይበቃል። በክረምት ግን በየቀኑ ይንደድ፣ ነበልባሉም ዝቅ ይበል። የክዳኑን ውስጥ በእጅ ዳብሱት፤ ከረጠበ እሳቱ አንሷል ማለት ነው።